የአሮጌው ጥሩምባ ዕድሜ በምን ይታወቃል?

የሰው ልጅ ቃሉ ከአፉ ርቆ እንዲሰማለት ያልደከመበት ዘመን የለም። በአገራችን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው ነጋሪት እየተጎሰመ፣ መለከትና እምቢልታ እየተነፋ ነበር። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ላይ ሲነግሡ፤ መናገሻቸው ያደረጓት መንቆረር፣ ኋላ ደብረ ማርቆስ የተባለችው ከተማ፣ ይህን ድምፅ በሚገባ ታውቀው ነበር። በ1934 ዓ.ም. ሕግ በጽሑፍ ታትሞ መውጣት ሲጀምርም ጋዜጣው ስሙን ከነጋሪት መውሰዱ የዚያ ልማድ ምስክር ነው።

ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራው በኤሌክትሪክ የሚናገረው ጥሩምባ ነው። ከደጀን እስከ ደምበጫ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ በመኪና ጣራ ላይ ይታያል። የከተማ ሰው ትልቁን የድምፅ ሣጥን በኢጣልያኑ ፋብሪካ ስም «ሞንታርቦ» ይለዋል፤ እኛ ግን የምንናገረው አፉ እንደ መለከት ስለ ሰፋው ድምፅ ማጉያ ነው።

የዚህ ዕቃ አሮጌዎቹ አሁን በየዕቃ ግምጃ ቤቱ ማዕዘን ወድቀው ይገኛሉ። በንብረት መዝገብ ላይ «ድምፅ ማጉያ፣ አንድ፣ አሮጌ» ከሚል ቃል በቀር የተሠሩበት ዘመን አይጻፍም። ቆራሌው በኪሎ ይገዛቸዋል፤ ከዚያም ቀልጠው ድስት ይሆናሉ። በዚህ ዓይነት አንድ ከተማ አዋጁን፣ ዜናውንና ትምህርቱን የሰማበት መሣሪያ ታሪኩ ሳይታወቅ ይጠፋል። ሆኖም ዕድሜውን ለማወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ የተሠራበት ነገር ራሱ ይናገራል።

በመጀመሪያ የጥሩምባውን አሠራር እንመልከት። በጠባቡ ጉሮሮ በኩል እንደ ከበሮ ቆዳ የሚርገበገብ ስስ ሽፋን አለ። ሽፋኑ አየሩን ይገፋል፤ ቱቦው ጥቂት በጥቂት እየሰፋ ስለሚሄድ ግፊቱ ሳይባክን ወደ ውጭው አየር ይደርሳል። መለከትን ከቀርከሃ ወይም ከብረታ ብረት ሠርተው ጫፉን ያሰፉ አባቶቻችንም የተጠቀሙት በዚሁ ሕግ ነው።

ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1899 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ቃል በሰም ላይ የተቀረጸው በፎኖግራፍ ነበር፤ ያ መሣሪያ ጥሩምባ እንጂ ኤሌክትሪክ አልነበረውም። በ1915 ዴንማርካዊው ፒተር ጄንሰንና አሜሪካዊው ኤድዊን ፕሪድሃም የፎኖግራፍ ጥሩምባ ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር አገናኝተው በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ አሰሙ። ስሙን ማግናቮክስ አሉት፤ በላቲን «ታላቅ ድምፅ» ማለት ነው። በ1919 ፕሬዚዳንት ዊልሰን በሳን ዲዬጎ ንግግር ያደረጉት በዚህ ነበር።

በ1926 የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ 555 የተባለውን መሣሪያ አወጣ። ሽፋኑ ከስስ አሉሚኒየም የተሠራ ነበር፤ ለሲኒማ ቤት የተሠሩት ታላላቅ ጥሩምባዎቹም ከስስ ጣውላ ተነባብረው የተሠሩ ነበሩ። የዚያ ዘመን ማግኔት በራሱ ኃይል የለውም፤ በመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ ሌላ ኤሌክትሪክ ይመገባል። ስለዚህ ለድምፁ ከሚገቡት ሁለት ሽቦዎች በቀር ለማግኔቱ ሌሎች ሁለት ሽቦዎች ያሉት ጥሩምባ ብታገኙ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በፊት የተሠራ ሳይሆን አይቀርም።

በ1931 ጃፓናዊው ቶኩሺቺ ሚሺማ ከብረት፣ ከኒኬልና ከአሉሚኒየም ብርቱ ማግኔት ሠራ። ኋላ ኮባልት ታክሎበት አልኒኮ የተባለው ይህ ዓይነት፤ ከጦርነቱ በኋላ የሽቦውን ማግኔት ከገበያ አስወጣው። ቱቦውም ወደ ውስጥ ተመልሶ የሚታጠፍ ሆነ፤ ረዥሙ በአጭር ስፍራ ገባ። ይህ መታጠፍ ዝናብ ወደ ሽፋኑ እንዳይደርስ ያደርጋል። አፉም ከአሉሚኒየም ስለ ተሠራ እንደ ብረት ቆርቆሮ አይዝግም። እንደ ጎጃም ደጋ ክረምቱ ለሚበረታበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሦስተኛው ለውጥ ከዋጋ የመጣ ነው። የፊሊፕስ ኩባንያ በ1952 እንደ ሸክላ የሚተኮሰውን ርካሽ የፌራይት ማግኔት አስተዋወቀ። በ1978 በዛየር በሻባ አውራጃ ጦርነት ተነሥቶ የኮባልት ዋጋ እጅግ ሲወደድ፤ ብዙ ፋብሪካዎች አልኒኮን ትተው ወደ ፌራይት ዞሩ። በአፍሪካ ማዕድን ላይ የደረሰው ችግር የዓለምን ድምፅ ማጉያ ሆድ ለወጠው ማለት ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ ትንሽ ሆኖ ብርቱ የሆነው ኒዮዲሚየም መጣ፤ አፉንም ከፕላስቲክ መሥራት እየተስፋፋ ሄደ።

እንግዲህ ሲመረመር እንዲህ ይደረጋል። ትንሽ ማግኔት በአፉ ላይ ማስጠጋት ነው፤ ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ አሉሚኒየም፣ ናስ ወይም ፕላስቲክ ነው። ቀለሙ አያታልል፤ ቀለም በየጊዜው ይቀባል። የኋላው ክፍል ሰፊና ጠፍጣፋ ጥቁር ቀለበት ካለው ፌራይት ነው፤ ከ1952 በፊት ሊሆን አይችልም። የአገር ስም የተጻፈበት ሰሌዳም ይረዳል። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከ1949 እስከ 1990፣ «በጦር የተያዘች ጃፓን» የሚል እስከ 1952፣ «ሶቪየት ኅብረት» የሚል እስከ 1991 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። አፉና የኋላው ክፍል በጥርስ የተጋጠሙ ስለ ሆኑ የተቃጠለው ተፈትቶ በአዲስ ይተካል። ስለዚህ የአንዱን ዕድሜ ለሌላው መስጠት ስሕተት ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ ይመዝገቡ።

የንብረት መዝገብ በእጃችሁ ያለ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፤ እንዲሁም በየትምህርት ቤታችሁ አሮጌ ጥሩምባ የምታዩ ተማሪዎች፤ ይህ ሥራ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ዕቃው ከመወገዱ በፊት የተሠራበት ነገር፣ የማግኔቱ ዓይነት፣ በሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍና ያገለገለበት ስፍራ ይጻፍ። የሰቀሉትና ያናገሩት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉም ይጠየቁ። ሁሉም ይቀመጥ አንልም፤ ድስት የሚሆነውም ድስት ይሁን። ነገር ግን አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንዳሉት፤ ቆራሌው ከደጅ ሳይደርስ ታሪኩ በመዝገብ ይግባ።