ለብርዱ ብላችሁ ዳባት አትከራዩ

ደባርቅ ለሥራ የተመደባችሁ ሰዎች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይህንን ነው፦ «ኢንጂነር፣ የደባርቅ ብርድ አይቻልም ይባላል፤ ዳባት ተከራይቼ ብመላለስስ?»

ዳባትም እኮ ደጋ ነው! ሁለቱም ከተሞች ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ጥቂት መቶ ሜትር ነው። የምታተርፉት አንድ ሁለት ዲግሪ ቢሆን ነው። ለዚህ ብሎ በየጠዋቱ መናኸሪያ መሰለፍ?

ብርዱን የሚወስነው ቤቱ ነው።

1. ኮርኒስ። ሰማዩ በጠራበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚለቅ ከሥሩ ኮርኒስ ያስፈልጋል። ቤት ስታዩ ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበትን ቀና ብላችሁ እዩ። ብርሃን ከገባ ነፋስም ይገባል።

2. ግድግዳ። በደንብ የተመረገ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ፀሐይ ይዞ ማታ ይመልሳል። እኔ ከስስ ብሎኬት እሱን እመርጣለሁ (የብሎኬት ቤት አከራዮች አትቆጡኝ)።

3. ቦታ። ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ሌሊት ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ውርጭ የሚበረታውም እዚያ ነው። አፋፉ ላይ ደግሞ ነፋሱ አያስቀምጥም። መሐል ተዳፋቱን፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውን ፈልጉ።

ቤተሰባችሁ ጎንደር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ዳባት ከደባርቅ ይልቅ ለጎንደር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርባል።

ያያችሁት ቤት ካለ የጣሪያውን ፎቶ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ።