በዱቤ የሚሸጥ ሶላር፤ የምስጢር ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠሮች ከኤሌክትሪክ መስመር ርቆ የሚኖረው ገበሬ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ከወገዳ ከተማ ወጥቶ ወደ በሽሎና ወደ አባይ ቆላ ለሚወርድ ሰው የስልክ ኔትወርክ በሁሉም ሥፍራ አይገኝም። የገበሬው እጅ ገንዘብ የሚይዘው ደግሞ እህል ወቅቶ ሲሸጥ ነው። የሶላር መብራት ዋጋን በአንድ ጊዜ ክፈል ቢባል አቅም ያንሰዋል። በዱቤ ይሰጠው ቢባል ደግሞ ነጋዴው ሸለቆ እየተሻገረ ዕዳ ሊሰበስብ አይችልም።

ለዚህ ችግር ገበያው ያገኘው መፍትሔ «እየከፈሉ መጠቀም» የሚባለው አሠራር ነው። በኢትዮጵያም ሄሎሶላር የተባለው ኩባንያ ከሄሎካሽ የሞባይል ገንዘብ ጋር በማጣመር በዚህ መንገድ ሠርቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ የክፍያው በር ሰፍቷል። ገዢው በስልኩ ይከፍላል፤ ሻጩ ቁጥር ይልክለታል፤ ገዢው ቁጥሩን በመሣሪያው ላይ ሲጫን መብራቱ ለተከፈለበት ቀን ያህል ይከፈትለታል። ቀኑ ሲያልቅ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ኔትወርክ የሌለው፣ ከማንም ጋር የማይገናኝ መሣሪያ ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑን በምን ያውቃል?

መልሱ ምስጠራ ነው። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ አንድ የምስጢር ቁልፍ ይቀመጥለታል። የዚያው ቁልፍ ቅጂ በሻጩ ኮምፒዩተር ይገኛል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስሌት ስለሚሠሩ፣ ቁልፉን የያዘ ብቻ ትክክለኛውን ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። አንዴ የተጠቀሙበት ቁጥር ተመልሶ አይሠራም፤ የአንዱ ቤት ቁጥርም ለጎረቤት አይሆንም። ለምሳሌ ማንም በነፃ ሊወስደው የሚችለው «ኦፕን ፔይጎ ቶክን» ባለ 9 አሃዝ ቁጥር ይጠቀማል። ስሌቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ዣን-ፊሊፕ ኦማሶንና ዳንኤል በርንስታይን ይፋ ባደረጉት «ሲፕሃሽ» ላይ የቆመ ነው።

ባንኮች የሚጠቀሙበት ከባድ ምስጠራ ለምን አይገባም? በትንሽ ቺፕ ላይ ፈጽሞ አይሠራም ማለት አይደለም። ነገር ግን የመብራቱ ቺፕ ማስታወሻው ጠባብ፣ ኃይሉም ከባትሪ የተቆጠበ ነው። ዋጋው በጥቂቱ ከፍ ቢል እንኳን በብዙ ሺህ ዕቃ ሲባዛ የአስመጪውን ትርፍ ይበላል። ቀላል ምስጠራ የሚባለው ዘርፍ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2019 ከቀረቡለት 57 ዕጩዎች አጣርቶ፣ በየካቲት 2023 «አስኮን» የተባለውን መረጠ፤ በነሐሴ 2025 ደግሞ ደረጃ አድርጎ አወጣው። የአስኮን ሥራ የተጀመረው በኦስትሪያ በግራዝ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በዘርፉ ኪሣራ ያመጣው ብዙውን ጊዜ «ስሌታችን ምስጢር ነው» የሚል ዕቃ ነው። በብዙ ከተሞች የትራንስፖርት ካርድ ውስጥ የነበረው «ማይፌር ክላሲክ» አሠራሩ ለዓመታት ተደብቆ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ተሰበረ፤ ቁልፉ 48 ቢት ብቻ ነበር። በመኪና የርቀት ቁልፍ ውስጥ የሚገኘው «ኪሎክ»ም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰው። ጥሩ ምስጠራ ስሌቱ በአደባባይ የተፈተነ፣ ምስጢሩም ቁልፉ ብቻ የሆነ ነው።

ሌላው ትምህርት ከመብራት ቆጣሪ የመጣ ነው። ከደቡብ አፍሪካ ተነስቶ በብዙ አገሮች የተስፋፋው የቅድመ ክፍያ ሥርዓት በባለ 20 አሃዝ ቁጥር ይሠራል። በቁጥሩ ውስጥ ያለው ሰዓት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1993 ጀምሮ ደቂቃ ሲቆጥር ቆይቶ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ሞላ። ከዚያ በፊት ቁልፉ ያልተለወጠለት ቆጣሪ አዲስ ቁጥር መቀበል ያቆማል። ለመቀየር ደግሞ በየቤቱ ልዩ ቁጥር ማስገባት ግድ ነበር። ዕቃው ለ30 ዓመት ሲገዛ የ30 ዓመቱ ጣጣም አብሮ እንደሚገዛ ነጋዴው ይወቅ።

ለአስመጪው ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ቁልፉ በማን እጅ ነው? ቁልፎቹ በሙሉ በውጭ አገር አምራች ኮምፒዩተር ውስጥ ካሉና አምራቹ ቢከስር ወይም የአገልግሎት ክፍያውን ቢያንር፣ አስመጪው በገዛ ዕቃው ላይ አዛዥ አይሆንም። ገበሬውም ዕዳውን ከፍሎ ሲያበቃ ጨለማ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ለሁሉም ዕቃ አንድ ቁልፍ ከተቀመጠ ደግሞ አንዱን መብራት የከፈተ ብልጥ ሠራተኛ የሁሉንም ቁጥር ያወጣል፤ የዱቤው መዝገብ በሙሉ ባዶ ወረቀት ይሆናል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት የሚፈልግ መሣሪያ በእንዲህ ያለው ጊዜ ከጥቅም ውጪ ነው። በቁጥር የሚሠራው ግን ቁጥሩ በአጭር መልእክት፣ በድምፅ ወይም በወረቀት ተጽፎ በገበያ ቀን ቢደርስም ይሠራል። ለወገዳ ነጋዴ ይህ ልዩነት የቴክኒክ ወሬ ሳይሆን የገቢ ጉዳይ ነው።

በመሆኑም ወደዚህ ንግድ ለመግባት ያሰበ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት አምስት ነገር መጠየቅ ይገባዋል። ስሌቱ በአደባባይ የታወቀ ነው ወይ? እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ቁልፍ አለው ወይ? የተሳሳተ ቁጥር በተደጋጋሚ ሲሞከር መሣሪያው ይቆልፋል ወይ? የቁልፎቹ ቅጂ ለገዢው ይሰጣል ወይ? አምራቹ ቢዘጋ ዕዳው ያለቀ ደንበኛ እንዴት ይከፈትለታል?

የአገር ውስጥ የሶፍትዌር ባለሙያም ከዚህ ድርሻ አለው። ስሌቶቹ በነፃ የሚገኙ ስለሆነ መነሻ ካፒታሉ ፋብሪካ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቁልፍ በጥንቃቄ ማመንጨት፣ መጠበቅና ሥራውን በገለልተኛ ወገን ማስፈተሽ ነው። ምስጠራን ራሱ ከባዶ እፈጥራለሁ የሚለውን ግን ገንዘብ ያለው ሰው ቢሸሸው ይሻላል።