«ይቆጠራል?»፦ ቀኖናና የታሪክ ተያያዥነት በተቀጥላ የቪዲዮ ጌሞች



የዛሬውን ርእሰ ጉዳይ የሰጠኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ ካራቆሬ በሄድሁበት ጊዜ በስልኩ «ጎድ ኦፍ ዋር፦ ጎስት ኦፍ ስፓርታ» የተባለውን ጌም ሲጫወት አገኘሁት። ጨርሶ ቀና ሲል፣ «ጋሼ፣ ይሄ ወንድምየው ግን ይቆጠራል?» አለኝ። ጥያቄው ስላልገባኝ አስረዳኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የመጀመሪያው ጌም የክሬቶስን የሚስቱንና የልጁን አሟሟት ሲተርክ ወንድሙን በዋናው ታሪክ አያነሣም። በ2010 የወጣው ይህ ተቀጥላ ግን ዴይሞስ የሚባል ወንድም እንደ ነበረው፣ አማልክትም በልጅነቱ እንደ ወሰዱበት ይነግረናል። ተቀጥላውን በዋናነት የሠራው ደግሞ የመጀመሪያውን ጌም የሠራው ሳንታ ሞኒካ ስቱዲዮ ሳይሆን ሬዲ አት ዶን የተባለ ሌላ ኩባንያ ነው። እንግዲህ ወንድምየው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተደርበዋል። የመጀመሪያው የተያያዥነት ጥያቄ ነው፤ አዲሱ ትረካ ከቀድሞው ጋር ሳይጣላ ሊኖር ይችላልን? ሁለተኛው የቀኖና ጥያቄ ነው፤ ሥልጣን ያለው አካል ትረካውን ከዋናው ታሪክ ቈጥሮታልን? የመጀመሪያውን ማንኛውም ጥንቁቅ አንባቢ ሊመረምረው ይችላል። ሁለተኛው ግን የሚወሰነው በውሳኔ ነው። በተጫዋቾች መካከል የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ መቋጫ የሚያጣው ሁለቱ ስለሚቀላቀሉ ነው።

ልዩነቱን ሁለት ምሳሌዎች ያሳዩናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ከ100 ዓመት በፊት በደረሰ ጥፋት አራት ጀግኖች እንደ ሞቱ ይተርካል። በ2020 ያንን ጥፋት ያሳያል የተባለ «ኤጅ ኦፍ ካላሚቲ» የሚባል ተቀጥላ ወጣ። ተጫዋቹ የሚያውቀውን ኀዘን ሲጠብቅ፣ አንዲት ትንሽ ሮቦት በጊዜ ወደ ኋላ ተጕዛ የታሪኩን አቅጣጫ ትለውጣለች፤ ጀግኖቹም ይተርፋሉ። ጌሙ የባለቤቱ የኒንቴንዶ ፈቃድ አለው፤ ሆኖም ከቀድሞው ትረካ ጋር አይገጥምም። በአንጻሩ በ2003 የወጣው የስታር ዎርስ ጌም «ናይትስ ኦፍ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ» የፊልሞቹ ታሪክ ከሚጀምርበት ዘመን ብዙ ሺህ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ስለሚተርክ ከፊልሞቹ ጋር የሚጋጭበት ምክንያት አልነበረውም። ይሁንና በ2014 ሉካስፊልም ቀደም ሲል የወጡትን ልብ ወለዶችና ጌሞች «ሌጀንድስ» በሚል ስም ለይቶ ከቀኖና ሲያወጣ እርሱም አብሮ ወጣ። ከጌሙ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ማዕረጉ ነው።

ይህን ጉዳይ ከባሕር ማዶ የመጣ የልጆች ነገር አድርገን እንዳንንቀው እሰጋለሁ። «ቀኖና» ለእኛ አዲስ ቃል አይደለም። ስለ ሃይማኖት እውነትነት ለመፍረድ ሳይሆን የትረካን አሠራር ለማሳየት ክብረ ነገሥትን ልጥቀስ። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 የሳባ ንግሥት ታሪክ 13 ቍጥር ብቻ ነው፤ መጣች፣ ጠየቀች፣ ወደ አገሯ ተመለሰች። ስለ ልጅ የተነገረ ነገር የለም። ክብረ ነገሥት ከዚያ ተነሥቶ የቀዳማዊ ምኒልክን ልደትና የታቦተ ጽዮንን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት ይተርካል። ነገር ግን ከሰሎሞን ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በነገሠው በኢዮስያስ ዘመን ታቦቱ ኢየሩሳሌም እንዳለ ሆኖ በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ይጠቀሳል። ታዲያ ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ክብረ ነገሥት መልስ አለው፦ በታቦቱ ቦታ እንጨት ተተካ፤ ሰሎሞንም ካህናቱ እንጨቱን በወርቅ አልብሰው ምስጢሩን እንዲሰውሩ አደረገ። ዛሬ የጌም ደራሲዎች በብዙ ድካም የሚሠሩትን የተያያዥነት ጥገና አባቶቻችን በዚህ ዓይነት ብልኀት ሠርተውት ነበር።

የቀኖናው ዕጣ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ክብረ ነገሥት ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አይቈጠርም። ሆኖም የ1923 ዓ.ም. እና የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታት የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሲያያይዙ፣ የትረካው ዐቢይ ነገር የአገር ሕግ ሆነ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲታገድ ያ ማዕረግ ተነሣ፤ ትረካው ግን ከሕዝቡ ልብ አልወጣም። ሥልጣን ማዕረግን ሊሰጥና ሊነሣ ይችላል፤ መወደድን ግን በዐዋጅ አይሰጥም፤ በዐዋጅም አይነሣም። ከ2014 በኋላም ያንን የስታር ዎርስ ጌም የሚወዱ ሰዎች መጫወታቸውን አልተዉም።

እስከዚህ ድረስ ንጽጽሩ ይረዳናል፤ ወሰን እንዳለው ግን ማወቅ ይገባል። የተወለድሁበት ይፋት ይህን ወሰን ያሳየኛል። በግእዝ በተጻፈው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን ዐመፀኛ ነው። የወላስማን ሥርወ መንግሥት ታሪክ በያዙት የዐረብኛ ጽሑፎች ደግሞ ከዚያው ቤት የተነሣው ሰዓደዲን ሰማዕት ነው። ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ምድርና ያንኑ ረጅም ጦርነት ይተርካሉ። ከእነዚህ አንዱን ዋና፣ ሌላውን ተቀጥላ የሚያደርግ ኩባንያ የለም። ጌም ባለቤት ስላለው ባለቤቱ «ይህ አይቈጠርም» ቢል የሚጐዳው የተጫዋቹ ስሜት ነው። የአንድን ሕዝብ ትዝታ «አይቈጠርም» ያልን ጊዜ ግን የሚጐዳው ጎረቤታችን ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣየ፣ ካራቆሬና ሸዋ ሮቢት ምን እንደ ደረሰባቸው የምናውቅ ሰዎች ይህን ቃል በቀላሉ ከአፋችን ልናወጣው አይገባም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ አንድ ትረካ ሲቀርብላችሁ ሦስት ጥያቄዎችን ለይታችሁ ጠይቁ፤ ከቀድሞው ጋር ይገጥማልን? ማዕረጉን የሰጠው ማን ነው? የወደዱትና የጠበቁትስ እነማን ናቸው? የአንዱ መልስ ለሌላው መልስ አይሆንም።

ለእኅቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። «ወንድምየው ከመጀመሪያው ታሪክ ጋር አይጣላም፤ ባለቤቶቹም ተቀብለውታል፤ ስለዚህ ይቆጠራል» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ባይቀበሉትም ለእኔ ይቆጠር ነበር» አለኝ። ይህንንም መልስ ከመልሶች አንዱ አድርጌ መዝግቤዋለሁ።