ሽቦው ነው ወይስ መሣሪያው? የሞዴም ብልሽት አፈላለግ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ተረት። መሣሪያ ግን በሽታውን አይደብቅም፤ ብልሽቱ የሚረዝመው የሚናገረውን አስተውሎ የሚሰማው ሰው ሲያጣ ነው። ይህንንም ከሁሉ ይልቅ አጉልቶ ያስተማረን ኮምፒውተርን ከቴሌፎን ሽቦ ጋር የሚያገናኘው ሞዴም የተባለው ትንሽ ዕቃ ነው።

የሞዴም ሥራ አስተርጓሚነት ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው የ0ንና የ1ን ቋንቋ ብቻ ሲሆን፣ የቴሌፎን መስመር ደግሞ የተዘጋጀው ለሰው ድምፅ፣ ይኸውም በሴኮንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ ለሚርገበገብ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሞዴሙ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ለውጦ ይልከዋል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ባልንጀራውም ድምፁን ተቀብሎ መልሶ ቁጥር ያደርገዋል። በመጀመሪያ የሚሰማው ጩኸትና ፉጨት ሁለቱ ሞዴሞች በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነጋገሩ የሚስማሙበት ነው።

ቴሌፎን ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የመጀመሪያው ረጅም መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው ደግሞ በ1989 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። በዚያን ጊዜ መንገዱ ያው የቴሌፎን ሽቦ ነበር። በሩቅ አገር ላለ ሰው ይህ ማለት የሩቅ ጥሪ ሒሳብ እየቆጠረ መነጋገር ማለት ነበር።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ ሰሜን እንሂድ። ዳባት ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትም በዚያው ይገኛል። በዳባት ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሕዝቡን ልደት፣ ሞትና ጤንነት እየተከታተለ የሚመዘግብበት የጥናት ቦታ አለ። የዱር እንስሳ ቆጠራም ሆነ የጤና መዝገብ ዋጋ የሚኖረው ለሚመለከተው ክፍል በጊዜው ሲደርስ ነው።

አሁን በእንዲህ ያለ ከተማ ያለ አንድ ጸሐፊ መልእክቱ አልሄድ ቢለው፣ «ሞዴሙ ተበላሽቷል» ብሎ በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ቢሰደው፣ ብልሽቱ ግን ከጣሪያው ሥር ባለ ዝናብ በገባበት የሽቦ መጋጠሚያ ቢሆን ምን ይሆናል? መሣሪያው «ደኅና ነው» ተብሎ ይመለሳል። ቀን ባክኗል፤ የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ወጥቷል፤ ሪፖርቱም አልደረሰም። ይህን ጥፋት የሚያስቀረው ትልቅ ዕውቀት ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው።

አንደኛ፤ ሞዴሙን ነቅሎ ተራ ቴሌፎን በዚያው ሽቦ ላይ ሰክቶ ማዳመጥ ይገባል። ድምፅ ከሌለ ኮምፒውተሩ ከክስ ነጻ ነው። ቴሌፎኑን ሽቦው ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ ላይ ቢያገናኙትና ድምፅ ቢሰጥ፣ ጉዳቱ ከቤት ውስጥ ነው፤ እዚያም ዝም ካለ ጉዳዩ የመስመር ሠራተኛው ነው።

ሁለተኛ፤ ድምፁ ካለ፣ ጥራቱን መመርመር ነው። በክረምት ርጥበት የገባበት ወይም የዛገ መጋጠሚያ እንደሚጠበስ ቆሎ ይንጣጣል። የሰው ጆሮ ይህን ታግሦ ወሬውን ይሰማል፤ ሞዴም ግን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲብስም ይቋረጣል።

ሦስተኛ፤ ጆሮ ድምፅ እየሰማ ሞዴሙ «ድምፅ የለም» ካለ፣ ብልሽት ሳይሆን ያለመተዋወቅ ነው። የቴሌፎን ድምፅ ከአገር አገር ይለያያልና፣ መሣሪያው የሚጠብቀው የተሠራበትን አገር ድምፅ ሊሆን ይችላል። ድምፅ ሳይጠብቅ እንዲደውል ቢያዙት ይሠራል። አሮጌ የቴሌፎን ማእከል ከሆነም እንደ ዙር ቴሌፎን በምት እንዲደውል ማድረግ ያስፈልጋል።

አራተኛ፤ ከተገናኘ በኋላ ቶሎ ቶሎ የሚቋረጥ ከሆነ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ነው። አንድ ሜጋባይት ጽሑፍ በሴኮንድ 33,600 ቢት ቢጓዝ 4 ደቂቃ፣ 9,600 ቢት ቢጓዝ 14 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የሆነ ሆኖ ሳይቋረጥ በ14 ደቂቃ የሚደርሰው፣ በየ3 ደቂቃው እየወደቀ ከሚነሣው ይቀድማል።

አምስተኛ፤ ተገናኝቶ «አላውቅህም» የሚል ከሆነ ሽቦውን መንካት ከንቱ ነው። ስሙና የምስጢር ቃሉ ፊደል በፊደል ይታይ።

በዚህ ሁሉ የሚጠበቁ ሁለት ሕጎች አሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና የለወጡትን በደብተር መጻፍ ነው፤ ሦስት ነገር በአንድ ላይ የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም። መብረቅ በሚበዛበት ደጋ ደግሞ ደመናው ማጉረምረም ሳይጀምር አስቀድሞ የመብራቱንም የቴሌፎኑንም ሽቦ መንቀል ይገባል፤ መብረቅ በሁለቱም በር ይገባልና።

ዛሬ ሞዴሙ ቦታውን ለሞባይልና ለፋይበር ለቋል፤ ፉጨቱም ተረስቷል። ቅደም ተከተሉ ግን አላረጀም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ ጥፋቱ ከስልኩ መስሎት ስልኩን ለጠጋኝ የሰጠ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል፤ አስቀድሞ ጎረቤቱን «የአንተስ ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ ግን በአንድ ቃል እውነቱን ያገኛል።

ስለዚህ ተማሪውም ሆነ አዲሱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ መሣሪያው እንቢ ባለው ቀን ከመክሰሱ በፊት ይመርምር። ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ሩቁ የሚሄድ ሰው፣ የቴክኒክ ሠራተኛ ሲጠራ እንኳ «ተበላሸ» ብሎ ዝም አይልም፤ ብልሽቱ ከየት እስከ የት እንዳለ ለይቶ ይነግረዋል። ከዚህ በኋላ ሥራው ተጋምሷል ማለት ነው።