ክንድ ተሰብሮ እጅ ሲዝል

መስኮት ስታጸዱ ወድቃችሁ የላይኛው ክንዳችሁ ቢሰበር፣ ሐኪሙ አጥንቱን ብቻ ሳይሆን የጣቶቻችሁንም እንቅስቃሴ እንዲያይ ጠይቁ። ምክንያቱን እንንገራችሁ።

ከአንገት የሚነሱ ነርቮች በብብት በኩል ወደ እጅ ይወርዳሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ ራዲያል የሚባለው፣ የላይኛውን የክንድ አጥንት በጀርባው በኩል ዞሮት ያልፋል። አጥንቱ መሐል ላይ ሲሰበር ይህ ነርቭም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ያን ጊዜ እጅ ከአንጓው ይንጠለጠላል፤ ጣቶችን መዘርጋት ያቅታል፤ የእጅ ጀርባም በአውራ ጣት በኩል ይደነዝዛል። ቋንቋው ቢቸግራችሁ እንኳ የተንጠለጠለውን እጅ ለማዳምም ለሐኪሙም አሳዩ።

«እጄ ሞተ» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ነርቩ ካልተቆረጠ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱ ይድናል። ግን አዝጋሚ ነው፤ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እስከዚያው እጁ በድጋፍ ቀና ተደርጎ ይታሰራል፤ መገጣጠሚያዎቹ እንዳይደርቁም ሐኪም እንዳሳያችሁ በደህናው እጅ ይንቀሳቀሳሉ። ወጌሻ አጥብቆ ቢያስረው ግን ጉዳቱ ሊብስ ይችላል።

ነርቩ ተቆርጦ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይሰፋል፤ ወይም ከእግር በተወሰደ ነርቭ ይቀጠላል። ይህ ጊዜ አይሰጥም። ጡንቻ ያለ ነርቭ ከ1 ዓመት በላይ ከቆየ መንምኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጅማት ማዛወር ነው።

ስለዚህ «የ2 ዓመት ኮንትራቴን ልጨርስና አገሬ ስገባ እታከማለሁ» አትበሉ። በ3 ወር ውስጥ ለውጥ ካላያችሁ የነርቭ ምርመራ ጠይቁ። ራጁንና የሕክምና ወረቀቱን በእጃችሁ አኑሩ።