የጥገና መዝገብና የሰዓት አቆጣጠር፦ በጣና በለስ ማሳያነት



በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ የውኃ ኃይል ማመንጫ ከጣና ሐይቅ የሚቀበለውን ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ አሳልፎ፣ ከመሬት በታች አራት ተርባይኖችን ያሽከረክርበታል። ጠቅላላ ዐቅሙ 460 ሜጋ ዋት በመሆኑ አንዱ ተርባይን ሲቆም ሩቡ ይጎድላል።

እንዲህ ባለ ሥፍራ የሚሠራ የጥገና መከታተያ ሶፍትዌር ያለ ኔትወርክ መመዝገብ፣ ኔትወርክ ሲገኝም ከማዕከሉ መዝገብ ጋር መገናዘብ ይኖርበታል። ከዋሻው ከተወጣ በኋላ በትዝታ የሚሞላ ቅጽ፣ በእኔ አመለካከት፣ መዝገብ ለመባል አይበቃም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የሰዓት ጉዳይ ነው። ባለሙያው የኩሽኔታ ሙቀት መጨመሩን አይቶ ጠዋት «3፡00» ብሎ ቢጽፍ፣ ከውጭ የመጣው ሶፍትዌር ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። ግንቦት 5 ለማለት የተጻፈው «5/9»ም ሴፕቴምበር 5 ሊሆን ይችላል፤ ጳጉሜንማ በ12 ወር ሰሌዳ ላይ ቦታ የላትም። በዚህ ምክንያት የባለሙያው ማስታወሻ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ የሙቀት መዝገብ ጋር በስድስት ሰዓት ይለያያል፤ ሙቀቱ የጨመረው ጭነት ሲበዛ ይሁን ተርባይኑ ሲነሣ መለየትም ያዳግታል።

ስለዚህ ሰዓቱን መሣሪያው ራሱ ይመዝግብ፤ ለባለሙያው ግን በለመደው አቆጣጠር ያሳየው። የጥገናው ተራ ደግሞ በቀን መቁጠሪያ ብቻ ሳይሆን ተርባይኑ በሠራበት ሰዓትና ቆሞ በተነሣበት ብዛት ይወሰን፤ ደጋግሞ የሚነሣ ማሽን ባለማቋረጥ ከሚሠራው በተለየ መንገድ ያረጃልና።