የብራውን ቻፕል በር

 

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። ማንበብ የሚችል ሰው «አትችልም» ተብሎ ቢመለስ ምን ትላላችሁ? «ይህማ አይሆንም» ትሉ ይሆናል። ግን ሆኗል። የሆነውም በአሜሪካ፣ በአላባማ ክፍለ ሀገር፣ ሴልማ በምትባል ከተማ ነው። ዘመኑን የምነግራችሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1965 መግቢያ በሴልማና በአካባቢዋ ዕድሜያቸው ለመምረጥ የደረሰ ጥቁሮች 15,000 ያህል ነበሩ። በመራጮች መዝገብ የሰፈሩት ግን 300 ገደማ ብቻ ናቸው። ለምን ቢባል፣ ምዝገባው በወር ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ተሰልፎ ተራ የደረሰው ጥቁርም የንባብና የሕግ ፈተና ይሰጠዋል። ፈታኙም አራሚውም ነጩ መዝጋቢ ነው። የተማረውን ሰው ሳይቀር ይጥለዋል። አያችሁ፣ የበር መክፈቻ የነበረው ፊደል መቆለፊያ ሆነ።

በ1964 ደግሞ አንድ ዳኛ ስለ መብት ለመምከር ሦስት ሰው ሆኖ መሰብሰብን ከለከለ። ታዲያ የት ይሂዱ? ብራውን ቻፕል ወደሚባለው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ይህ በ1908 የተሠራ የጡብ ሕንጻ ነው። ቤቱ የራሳቸው ስለሆነ ለመግባት የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። ጃንዋሪ 2 ቀን 1965 ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያ 700 ለሚሆኑ ሰዎች ንግግር አደረገ። ክልከላው በዚያ ቀን ተጣሰ።

ጃንዋሪ 22 ቀን ከመቶ በላይ ጥቁር መምህራን ለመመዝገብ ተሰልፈው ሄዱ። እስር ቤት ብናድርስ ብለው የጥርስ ብሩሻቸውን ይዘው ነበር። የጸጥታ ሹሙና ሰዎቹ ግን በዱላ እየገፉ መለሷቸው። እኔም መምህር ነኝና ይህ ልቤን ይነካዋል። ፊደል የሚያስቆጥሩ ሰዎች ናቸው እኮ!

ማርች 7 ቀን 600 ያህል ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ተነሥተው ወደ ዋናው ከተማ ወደ ሞንትጎመሪ ጉዞ ጀመሩ። ድልድዩን እንደተሻገሩ ፖሊሶች በቆመጥና በአስለቃሽ ጭስ ወረዱባቸው። ብዙ ሰው ቆሰለ። ሸሽተው የተመለሱትም ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው።

ቀሩ? አልቀሩም። ማርች 21 ቀን በፍርድ ቤት ፈቃድና በወታደር ጥበቃ ከዚያው በር እንደገና ወጡ። 87 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ማርች 25 ቀን ሞንትጎመሪ ደረሱ።

ኦገስት 6 ቀን 1965 የመምረጥ መብት ሕግ ተፈረመ። በአላባማ የንባብ ፈተናው ቆመ። በ1975 ደግሞ በአገሪቱ ሁሉ ለዘለቄታው ተሻረ።

ይህን ጽሑፍ ራሳችሁ ስታነቡ፣ ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤታችሁም ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ሳምንት ያገናኘን።